ካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ኤስቲኤም ሌንስ በባሕር ዳር ምሽት፦ የት ያዋጣል፣ የት አያዋጣም

ከካሜራው ጋር አብሮ ከሚመጣው ኪት ሌንስ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገዛው ሌንስ ይህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው፤ የጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በዋጋም ከካኖን ሌንሶች ከታችኛው ረድፍ ነው። ሻጮች «ለማታ የተሠራ ነው፣ ጨለማ አይበግረውም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ጣና ዳር ቆሞ የከተማውን መብራት ውኃው ላይ ለማንሳት የሚገዛው ሰው ያንኑ ገንዘብ ጥሩ ትራይፖድ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ማታ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ለማንሳት የሚገዛው ግን በዚህ ዋጋ የሚተካከለው አያገኝም።

ሒሳቡን እንየው። ለምሳሌ ካኖን 700ዲ ካሜራን ከ18–55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንሱ ጋር እንውሰድ። ኪቱን እስከ 55 ስንስበው ብርሃን የሚያስገባው የመጨረሻ ሰፊው ቀዳዳ ኤፍ/5.6 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። 50ው ኤፍ/1.8 ይከፍታል። 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛው 9.7 ገደማ ይመጣል፤ በሌላ አነጋገር በአንድ ዓይነት ፍጥነት ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። መብራቱ ሳሳ ባለ መንገድ ላይ ቆማ በቆሎ የምትጠብስ ሴትን ለማንሳት 1/60 ሰከንድ፣ ኤፍ/1.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ይበቃል። ያንኑ ፎቶ በኪቱ እንሥራ ካልን አይኤስኦው ወደ 16,000 መውጣት አለበት፤ የ700ዲ መደበኛ ጣሪያ ደግሞ 12,800 ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ፊቱ ሁሉ ኖይዝ (የብናኝ ነጠብጣብ) ይሆናል፣ የቆዳው ቀለምም ይጠፋል።

ታዲያ ሻጩ የማይናገረው ነገር አለ፦ 50ው የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻ የለውም። የ18–55 ኤስቲኤም ኪት አለው። የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የቆመ ሕንፃ፣ የዘንባባ ግንድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ በኪቱ በ1/10 ሰከንድ በእጅ ተይዞ ንጹሕ ሊወጣ ይችላል። 50ው በ700ዲ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን በሚቀበለው ክፍል) ላይ የ80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ስለሚያጠብ በእጅ ሲያዝ ከ1/80 በታች መውረድ አደጋ ነው፤ ተረጋግቶ ለሚይዝ 1/60 ይሄዳል። ስለዚህ ለቆመ ነገር የአሥር እጥፉ ብልጫ በማካካሻው ተበልቶ ያልቃል። ብልጫው የሚቀረው ሰው፣ ባጃጅ፣ ጀልባ፣ እሳት ሲነሣ ብቻ ነው። ማካካሻ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የሚራመድ ሰውን አያቆምም።

ሁለተኛው ችግር ጥበቱ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋን ማታ ለማንሳት የሚወጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነው። በ50ው ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማስገባት ፊት ለፊት 850 ሜትር ገደማ መራቅ ያስፈልጋል። በኪቱ 18 ሚሊ ሜትር ጫፍ ግን 300 ሜትር ገደማ ይበቃል። ወንዙ ዳር 850 ሜትር ርቆ ዛፍ የማይከልለው ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። እርግጥ የገመዶቹንና የምሰሶውን መብራት ብቻ ነጥሎ ለመያዝ 50ው ደኅና ነው። ድልድይና ጥበቃ ያለበት ተቋም አካባቢ ትራይፖድ ከመዘርጋት በፊት ጥበቃውን ማነጋገር ግድ ነው። ካሜራ ከቦርሳ ሳይወጣ መጠየቅና ካወጡ በኋላ መጠየቅ አንድ አይደለም። የሰዓት ገደብ ባለበት ወቅት ደግሞ ለመመለሻ የሚሆን ጊዜ ይያዝ፤ ባጃጅ ቀድሞ ይጠፋል።

ለሐይቁ ዳርቻ እንግዲህ ኪቱና ትራይፖዱ። ጊዜው አጭር ነው፦ እኛ ጋ ድንግዝግዝታው አይቆይም። ጀንበር በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፣ በሰኔ ደግሞ ለ1 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ መብራቱ የሚመጣጠነው ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ባዶ ጥቁር ይሆናል፣ የዘንባባውም ቅርጽ ከጀርባው አይለይም። ስለዚህ ቦታው ተመርጦ፣ ትራይፖዱ ተተክሎ፣ ፎከሱ ተይዞ ማለቅ ያለበት ጀንበር ሳትጠልቅ ነው። አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ሐይቁ ከከተማው ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ በግንቦትና በሰኔ ጀንበር ከምዕራብ ወደ ሰሜን አዘንብላ ስትጠልቅ የወጋገኑ ቀለም ወደ ውኃው ይጠጋል፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ የብሱ ይሸሻል። በሰኔ ደመናው ያስቸግራል፤ ግን ዝናብ ካባራ በኋላ የሚከፈት ሰማይ የዓመቱ ምርጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞዱ ኤም (ቁጥሮቹ ሁሉ በእጅ የሚመረጡበት)፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ/8፣ ፋይሉ ራው (በኋላ በኮምፒውተር የሚስተካከል ጥሬ ፋይል)። በድንግዝግዝታው ከ8 ሰከንድ ጀምሮ እየመሸ ሲሄድ እስከ 20 እና 30 ሰከንድ ይኬዳል። ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱ ማካካሻ ይጠፋ፤ አንዳንዱ ሌንስ የሌለ መንቀጥቀጥ ሲፈልግ ራሱ ያንቀጠቅጣል። በጣት መጫን ስለሚያናውጥ የ2 ሰከንድ ታይመር ይደረግ። የሐይቁ ነፋስ ማታ ማታ ቀላል ትራይፖድ ይነቀንቃል፤ የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አለመሳብ፣ ከታቹ ቦርሳ ማንጠልጠል፣ ቦርሳውም እንዳይወዛወዝ መሬቱን ነካ እንዲል ማድረግ። ረጅም ሰከንድ ሞገዱን ያለሰልስና የመብራቱን ነጸብራቅ ረጅም ቀጥ ያለ አምድ ያደርገዋል። አጭር ሰከንድ ይሰባብረዋል።

ግን ከፊት የታሰረ ጀልባ ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ጀልባ በገመድ ታስሮም ይወዛወዛል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ጠርዙ ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ብዙዎች ይህን አይተው «ፎከስ አልያዘም» ብለው ሌንሱን ይወቅሳሉ። እዚህ ጋ 50ውን ትራይፖዱ ላይ ሰክቶ፣ ኤፍ/2.8፣ አይኤስኦ 1600፣ 1/8 ሰከንድ አካባቢ ማንሳትና ከዐሥር ፎቶ ጀልባው የተረጋጋበትን አንዱን መምረጥ ነው። ሌላው 50ው ትራይፖድ ላይ የሚያዋጣበት ቦታ ከፍታ ነው። ከቤዛዊት ኮረብታ፣ በሚፈቀድበት ሰዓትና ቦታ፣ የከተማው መብራት ሩቅ ስለሆነ 18 ሚሊ ሜትር ሁሉንም አሳንሶ ብናኝ ያደርገዋል። 50ው በኤፍ/4 ወይም 5.6 ኪቱ በ55 ላይ ከሚሰጠው የጠራ ምስል ያወጣል።

ወደ መንገዱ እንውረድ፤ የሌንሱ ትክክለኛ ቤቱ እዚያ ነውና። ርቀቶቹ አስቀድሞ በጭንቅላት ቢያዙ ይጠቅማሉ፣ ምክንያቱም ዙም የለም፤ ዙሙ እግር ነው። ካሜራውን አቁሞ ሙሉ ቁመት ያለው ሰው ለማስገባት 5 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መሆን ያስፈልጋል። ከወገብ በላይ ከሆነ 2 ሜትር። ካሜራውን አጋድሞ አንድ ባጃጅ በጎኑ ከነትንሽ ዙሪያው 8 ሜትር ይጠይቃል። ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ስለዚህ 50ው ያስጨንቃል፤ ወንበሩን ገፍቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎም ጀበናዋንና ቡና የምታፈላዋን ሴት አብሮ ማስገባት አይቻልም። ደጅ ላይ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ለተዘረጋች የቡና ማእድ ግን ልክ ነው፤ ከኋላ የሚያልፉ የባጃጅ መብራቶች ትልልቅ ለስላሳ ክብ ሆነው ይቀራሉ።

መነሻ ቁጥሮች፦ ደማቅ የሱቅ ፊት፣ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ/2.2፣ 1/125። ተራ የመንገድ መብራት ሥር፣ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ/1.8፣ 1/60፤ የሚራመድ ሰው ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 3200 አውጥቶ 1/125። በከሰል ፍም ወይም በጧፍ የበራ ፊት፣ አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ/1.8፣ 1/60። በእነዚህ ላይ ሁሉ ኤም ሞድ ይሻላል። ኤቪ (ካሜራው ፍጥነቱን ራሱ የሚመርጥበት ሞድ) ላይ ከተተወ ካሜራው የጥቁሩን ዳራ ብዛት አይቶ «ጨልሟል» ብሎ ያስባል፣ ፊቱንም ነጠላውንም ያቃጥላል። ኤቪን የሙጥኝ ያለ ቢያንስ የብርሃን ማስተካከያውን ከ2/3 እስከ 1 ወደ መቀነስ ያውርደው። የተቃጠለ ነጭ በራውም አይመለስም፤ ትንሽ የጨለመ ግን ይመለሳል።

ጥር 10 የከተራ ዕለት ማታ ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ የሚያነሳ ሰው ይህን ይበልጥ ያስብበት። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ አንዱ በጧፍ፣ ሌላው በአምፖል፣ ሌላው በጄኔሬተር በሚሠራ ፓውዛ በርቷል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር መቀያየር አይቻልም። ለነጠላው ልክ የሆነውን ይዞ ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ማንሳት ይቀላል። ፍላሽ አያስፈልግም፤ የጧፉን ብርሃን ገድሎ ፊትን ኖራ ያስመስላል፣ የሚጸልየውንም ይረብሻል። ሰው ቀርቦ ለማንሳት «እማማ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ሌንስ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በኤፍ/1.8 ጥሩ ፎቶ እንዲወጣ ተነሺው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ረጋ ማለት አለበት።

ለምን ቢሉ፣ የጥራቱ ጥልቀት ቀጭን ነው። በ2 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ/1.8፣ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ3 ሜትር 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፎከሱ አፍንጫ ላይ ካረፈና ሰውየው ትንሽ ወደ ኋላ ካለ ዓይኑ ብዥ ይላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ከሆነ አንደኛው ይደበዝዛል፤ እዚያ ላይ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ/2.8 ወይም ኤፍ/4 ማጥበብና በአይኤስኦ መክፈል ነው።

ራስ-ሰር ፎከሱ በቀን ጸጥ ያለና በቂ ነው። በጨለማ ግን ይዋልላል፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲል ይቆይና ዝም ይላል። መፍትሔው ሌንሱ ውስጥ ሳይሆን አጠቃቀሙ ውስጥ ነው። ዘጠኙንም የፎከስ ነጥብ ለካሜራው አለመተው፤ የመሃሉን ነጥብ ብቻ መርጦ፣ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ለምሳሌ በነጠላው ጥለት ወይም በጉንጭ መስመር ላይ አሳርፎ መያዝ። ለጥ ያለ ጥቁር ልብስ ላይ የትኛውም ካሜራ አይዝም። ለሩቅ መብራት በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ) 10 ጊዜ አጉልቶ፣ መቀያየሪያውን ኤምኤፍ (በእጅ ፎከስ) ላይ አድርጎ፣ መብራቱ ትንሿ ነጥብ እስክትሆን ቀለበቱን ማዞር። ቀለበቱ ቀጭን ነው፣ የርቀት ቁጥርም የለበትም። ደግሞም የሚሠራው በሞተር በኩል ስለሆነ ካሜራው ጠፍቶ ወይም አንቀላፍቶ ከሆነ ቢዞርም ምንም አይለወጥም። አንድ ጊዜ የተያዘ ፎከስ እንዳይነካ ትንሽ ፕላስተር ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው።

የመብራቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። በ1/250 እና ከዚያ በላይ በተከታታይ ሲነሣ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማ፣ ሦስተኛው ግማሹ ብጫ ሆኖ ይወጣል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ መቆየት ይፈውሰዋል። ርካሽ የኤልኢዲ ታፔላዎች የባሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በ1/60 እንኳ መስመር ያሰምራሉ። ቀለሙም እንዲሁ ድብልቅልቅ ነው፦ ብርቱካናማ የቆየ አምፖል፣ ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ኤልኢዲ፣ አረንጓዴ የሚያወጣ ፍሎረሰንት አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት) እየተምታታ ይሄዳል። ራው ይነሣ፣ ለማየት ያህል የአምፖሉ ምልክት ያለበት 3200 ኬልቪን አካባቢ ያለው ይመረጥ፤ ቀሪው ቤት ይስተካከላል። ሁሉንም መብራት ነጭ ለማድረግ መታገል ግን አይመከርም፤ ብርቱካናማው ከጠፋ የማታነቱ ይጠፋል።

አሁን የሌንሱ ራሱ ጉድለቶች። በኤፍ/1.8 ማዕዘኖቹ ይጨልማሉ፣ የመሃሉ ጥራትም ለስለስ ይላል፤ በደማቅ መብራት ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ይታያል። ማዕዘን ላይ ያሉ የመብራት ነጥቦች ክንፍ አውጥተው እንደ ወፍ ይሆናሉ፤ ስለዚህ በሐይቅ ማዶ መብራት ላይ ኤፍ/1.8 ከንቱ ነው። ኤፍ/2.8 ላይ አብዛኛው ይስተካከላል፣ ከኤፍ/4 እስከ 8 እጅግ ጥሩ ነው። ወደ ኤፍ/11 ሲጠብ ሰባቱ የቀዳዳ ምላሶች በእያንዳንዱ መብራት ላይ 14 ጨረር ያለው ኮከብ ይሠራሉ፤ ለአደባባይ መብራቶች ያምራል፣ ሲበዛ ግን ይሰለቻል።

ብዙ ጊዜ ሌንሱ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው በፊልተር ነው። ሻጮች «መከላከያ» ብለው የሚገጥሙት ርካሽ 49 ሚሊ ሜትር ዩቪ ፊልተር ማታ ላይ ከሴንሰሩ የሚመለሰውን ብርሃን እንደገና ያንጸባርቃል፤ በጥቁሩ ሰማይ ላይ የመብራቶቹ ግልባጭ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ማታ ይውለቅ። ለመከላከያ የሚሻለው ሁዱ (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም ከለላ) ነው፤ ኢኤስ-68 ይባላል፣ ከሌንሱ ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ይገዛል። ከጎን የሚመጣ የባጃጅ መብራትን ይከልላል፣ ሌንሱ ሲመታም ምቱን ይቀበላል።

ያ ሁለተኛው ጥቅም ቀላል አይደለም። ፎከስ ሲያደርግ የውስጡ ቀፎ ወደ ፊት ይወጣል፣ ወጥቶ ሳለ ካሜራው ከጠፋ እንደወጣ ሊቀር ይችላል። እንዲያ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ከተጫነ ወይም ክዳኑ በኃይል ከተገፋ ሞተሩ ይጎዳል። ከማጥፋት በፊት ሩቅ መብራት ላይ ፎከስ አድርጎ ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ዝናብና አቧራ የሚከላከል ጎማም የለውም። በክረምት ሐይቅ ዳር ያለው እርጥበት ዘግቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ሻጋታ ያመጣል፤ ከሥራ መልስ ቦርሳው ሳይዘጋ ይደርና ከሲሊካ ጄል ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ። መብራት ሥር የሚሰበሰቡት የሐይቅ ነፍሳት ደግሞ በረጅም ሰከንድ ነጭ ክር ሆነው ይታያሉ፤ ከመብራቱ ምሰሶ ራቅ ብሎ መቆም እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። ለእጅና ለእግርም ይህው ምክር ይሠራል፣ የወባ ትንኝ አለና።

ያገለገለ ለሚገዛ፦ በመጀመሪያ ስሙ ላይ «ኤስቲኤም» የሚለው ይታይ። ከእሱ በፊት የነበረው ሁለተኛው ሥሪት በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ፣ ፊልተሩ 52 ሚሊ ሜትር፣ የቀዳዳ ምላሶቹ አምስት ናቸው፤ ዳራ ላይ ያሉ መብራቶች ትንሽ ጠበብ ሲል ባለ አምስት ማዕዘን ይሆናሉ፣ ፎከሱም ይጮኻል። በኤስቲኤሙ ዋጋ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር አይጠፋም። አዲሱ ቀለበቱ ብረት ነው፣ 35 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሳል፤ የድሮው 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ዮንግኑኦ የሚባለው ሌላ ኩባንያ 50ም የድሮውን መልክ ይዞ ይሸጣል፤ ስሙን አንብቡ። ከዚያ የስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ አስገብቶ በፊት በኩል ማየት፦ ነጥብ ነጥብ አቧራ ነው፣ ፎቶ ላይ አይወጣም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ግን ሻጋታ ነው፣ ዋጋው ቢወርድም ይተው። ቀፎው በጣት ሲነካ በጣም የሚወላገድ ከሆነ ወድቆ ያውቃል። በመጨረሻም ጨለም ወዳለ ጥግ ይዞ ገብቶ፣ በኤፍ/1.8 ቅርብም ሩቅም አንስቶ በስክሪኑ አጉልቶ ማየት፤ ሱቅ ውስጥ በነጭ መብራት ሥር ሁሉም ሌንስ ጥሩ ይመስላል።

የኒኮን ባለቤቶች ይህን ሌንስ መግጠም አይችሉም፤ ለእነሱ አቻው የኒኮን 50 ኤፍ/1.8 ጂ ነው። እንደ ዲ3400ና ዲ5300 ባሉ አነስተኛ ካሜራዎች ላይ «ዲ» የሚል ምልክት ያለው የቆየው ሥሪት በራሱ ፎከስ አያደርግም፣ ምክንያቱም እነዚህ ካሜራዎች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንዳይገዛ። መስታወት የሌላቸውን የካኖን አር ካሜራዎች የያዘ ደግሞ ኤስቲኤሙን በአዳፕተር መጠቀም ይችላል፤ አዳፕተሩ ከሌለው ግን ለእሱ ገንዘብ ከሚያወጣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአርኤፍ 50 ኤፍ/1.8 ቢገዛ ይሻለዋል፤ ክብደቱ ተመሳሳይ ነው፣ ፊልተሩ 43 ሚሊ ሜትር ነው።